ሦስት ጉልቻና የዕድገት ሚዛን፦ የምናነደው ብዛት ስለ ኑሯችን ምን ይነግረናል?

የአንድ ሀገር ዕድገት ሲነገር ዘወትር ቀድሞ የሚጠራው አኃዝ ጥቅል የሀገር ውስጥ ምርት ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ የተመረተው ዕቃና የተሰጠው አገልግሎት በገንዘብ ተሰልቶ ይደመራል፤ ከአምናው ጋር ይነጻጸራል፤ በመቶኛም ይገለጻል። ከዚህ ጎን ለጎን የሚጠቀሰው ሌላው መለኪያ የኃይል ፍጆታ ነው። ፋብሪካው የሚዞረው፣ የመስኖው ውኃ የሚሳበው፣ ተሽከርካሪው የሚንቀሳቀሰው በኃይል በመሆኑ፣ ብዙ ኃይል የሚጠቀም ሕዝብ ብዙ ያመርታል፤ የተሻለም ይኖራል የሚለው አስተሳሰብ ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት ቆይቷል።

ይህ አስተሳሰብ የገጠር ማድ ቤት ደጃፍ ላይ ሲደርስ ግን ይደናቀፋል። በሀገራችን ጥቅም ላይ ከሚውለው ጠቅላላ ኃይል ከ85 በመቶ በላይ የሚሆነው የሚገኘው ከማገዶ እንጨት፣ ከከሰል፣ ከኩበትና ከሰብል ተረፈ ምርት ነው። ከዚህም አብዛኛው የሚነደው በየቤቱ፣ በተለይም እንጀራ ለመጋገር ነው። በሦስት ጉልቻ ላይ ከሚነድ እንጨት ከሚወጣው ሙቀት ምጣዱ ዘንድ የሚደርሰው ከመቶ ዐሥር እጅ ገደማ ብቻ ነው። የቀረው በየጎኑ ወጥቶ ግድግዳውን ያሞቃል፤ ከጭሱ ጋርም ጣሪያ ለጣሪያ ይበተናል። በኤሌክትሪክ ምጣድ ግን ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ ለእንጀራው ይውላል። ሁለት እናቶች እኩል ሠላሳ ሠላሳ እንጀራ ጋገሩ እንበል፤ አንደኛዋ በሦስት ጉልቻ፣ ሁለተኛዋ በኤሌክትሪክ። በምጣዱ ሥር የወጣው ኃይል ሲመዘን፣ ባለ ሦስት ጉልቻዋ እጥፍ ድርብ ተጠቅማ ትገኛለች። በፍጆታ ብዛት ብቻ የምንመዝን ከሆነ የተሻለ ኑሮ ያላት እርሷ ልትሆን ነው።

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ በ2015 ካጸደቃቸው የዘላቂ ልማት ግቦች ሰባተኛው ስለ ኃይል ነው። ከመለኪያዎቹ አንዱ ሀገሪቱ የተጠቀመችበትን ጠቅላላ ኃይል ለጥቅል ምርቷ በማካፈል ይሰላል። ለአንድ ዶላር ምርት ምን ያህል ኃይል ወጣ እንደ ማለት ነው፤ አኃዙ ሲቀንስ ሀገሪቱ ኃይልን በቁጠባ መጠቀም ጀምራለች ይባላል። የብረትና የሲሚንቶ ፋብሪካ ለበዛበት ሀገር ተስማሚ መለኪያ ነው። ወደ እኛ ሲመጣ ግን ተካፋዩ ቁጥር በአብዛኛው ማገዶ ነው፤ አካፋዩ ቁጥር ደግሞ በማገዶው የተሠራውን ሥራ አይዝም። ዓለም አቀፉ የብሔራዊ ሂሳብ ሥርዓት ማገዶ መልቀምንና ውኃ መቅዳትን ከምርት ወገን ይቆጥራቸዋል። ለራስ ቤተሰብ ምግብ ማብሰልን ግን ከምርት ወሰን ውጭ ያደርገዋል። እንጨቱን ተሸክማ ስትመጣ በሂሳቡ ውስጥ የነበረች ሴት፣ ምጣዱን ስትጥድ ከሂሳቡ ትወጣለች።

ከዚህ የባሰ የሚያስገርም ነገርም አለ። ከሲሚንቶና ከአሸዋ የሚሠራው ምርት የተባለው የእንጀራ ምድጃ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በሀገራችን የታወቀ ነው። በአግባቡ ከተሠራና በአግባቡ ከነደደ፣ በሦስት ጉልቻ ከሚወጣው ማገዶ ግማሽ ያህሉን ያስቀራል። አንዲት ወረዳ ሙሉ በሙሉ ወደዚህ ምድጃ ብትዞር የወረዳዋ የኃይል ፍጆታ በእጅጉ ይወርዳል። የሚሸጠው እንጨት ስለሚቀንስ ከማገዶ ንግድ የሚገኘው ገቢም ይወርዳል። ሴቶች ከጫካ የሚመላለሱበት ቀን ቀንሶ፣ ጭሱ ቀልሎ፣ ዛፉ ቆሞ ሳለ፣ ይህ ሁሉ በጎ ነገር በሁለቱ ታላላቅ አኃዞች ላይ የሚታየው እንደ ቅናሽ ነው።

የጥቅል ምርት ስሌትን መሠረት ከጣሉት አንዱ የሆኑት አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ሳይመን ኩዝኔትስ ይህን ጉድለት አስቀድመው አይተውታል። እ.ኤ.አ በ1934 ለሀገራቸው ምክር ቤት ባቀረቡት ሪፖርት፣ የአንድን ሕዝብ ደኅንነት ከብሔራዊ ገቢ አኃዝ ላይ ማንበብ እንደማይቻል አስጠንቅቀው ነበር። በ1971 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። አኃዛቸው ዓለምን ሲገዛ ማስጠንቀቂያቸው ግን በቤተ መጻሕፍት ቀረ።

ይህ ሲባል የኃይል ፍጆታ ትርጉም የለውም ማለት አይደለም። አላን ፓስተርናክ የተባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ በ2000 የ60 ሀገራትን የኤሌክትሪክ ፍጆታና የሰብዓዊ ልማት መለኪያ ጎን ለጎን አስቀምጠው ነበር። የሰብዓዊ ልማት መለኪያው ከ1990 ጀምሮ የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የሚያወጣው፣ ዕድሜን፣ ትምህርትንና ገቢን አጣምሮ የሚይዝ ነው። የደረሱበት ውጤት እንዲህ ነው፦ የአንድ ሰው ዓመታዊ ፍጆታ ወደ 4 ሺህ ኪሎ ዋት ሰዓት እስኪደርስ ድረስ ኤሌክትሪክ በጨመረ ቁጥር ኑሮም አብሮ ይሻሻላል፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ግን ተጨማሪው ኃይል ተጨማሪ ዕድሜም ሆነ ተጨማሪ ትምህርት አያስገኝም ለማለት ይቻላል። አንዳንድ የበለጸጉ ሀገራት የዚህን ሦስትና አራት እጥፍ ይጠቀማሉ። በሌላ በኩል ከእነርሱ እጅግ ያነሰ ኃይል የምትጠቀመው ኮስታሪካ ኤሌክትሪኳን ከሞላ ጎደል ከታዳሽ ምንጭ እያገኘች፣ ዜጎቿ በአማካይ እስከ 80 ዓመት ገደማ ይኖራሉ።

እኛ ያለነው ከመሰላሉ ግርጌ ነው። በኢትዮጵያ የአንድ ሰው ዓመታዊ የኤሌክትሪክ ድርሻ 100 ኪሎ ዋት ሰዓት አካባቢ ነው። ይህ ምን ማለት እንደሆነ በምጣድ ቋንቋ እንናገረው፦ አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲበራ 3 ነጥብ 5 ኪሎ ዋት ያህል ይስባል። የአንድ ሰው የዓመት ድርሻ እንግዲህ ያን ምጣድ 30 ሰዓት እንኳ አያቆየውም። ስለዚህ እዚህ አገር ፍጆታን ቀንሱ የሚለውን ምክር እንዳለ መቀበል አይቻልም። መብራትን ማብዛት፣ ማገዶን መቀነስ፤ ሁለቱ በአንድ ጊዜ መሆን አለባቸው። ሁለቱን ደባልቆ አንድ አድርጎ የሚደምር አኃዝ ደግሞ የትኛው እንደጨመረ፣ የትኛው እንደቀነሰ አያሳይም።

ማገዶ ሲባል በብዛት የሚታሰበው እንጨት ነው፤ ለአርሶ አደሩ ግን ትልቁ ጉዳይ ኩበቱ ይመስለኛል። ዛፍ በተራቆተባቸው ደጋማ አካባቢዎች፣ ለምሳሌ በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ እበት ተጠፍጥፎ፣ ደርቆ፣ በክምር ተከምሮ ክረምቱን ይጠብቃል። ትርፉም ወደ ከተማ ይሸጣል። በግብርና ኮሌጅ የአፈር ለምነት ትምህርት የወሰደ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ እበት ውስጥ ናይትሮጂን፣ ፎስፈረስ፣ ፖታሲየምና ለአፈር እጅግ የሚያስፈልገው ብስባሽ አለ። ኩበቱ ሲነድ ናይትሮጂኑና ካርቦኑ ከጭሱ ጋር ይሄዳሉ። በአመዱ ውስጥ የሚቀረው ፖታሲየምና የተወሰነ ፎስፈረስ ነው፤ እርሱም ብዙ ጊዜ ወደ ማሳ ሳይሆን ወደ ጓሮ ይደፋል። ብስባሽ ያጣ አፈር ውኃ አይዝም። ዝናብ ሲመጣ በቀላሉ ይሸረሸራል። የሚጨመርለትን የፋብሪካ ማዳበሪያም በሚገባ አይጠቀምበትም።

አርሶ አደሩ ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ለማሳው የሚሻለው የትኛው እንደሆነ ከማንም በላይ ያውቃል። ነገር ግን ማታ የሚበላ እንጀራ ዛሬ መጋገር አለበት፤ የአፈሩ ጉዳት የሚታየው ከዓመታት በኋላ ነው። በጥቅል ምርት መዝገብ ላይ ሂደቱ እንዴት እንደሚሰፍር እንመልከት። ቤት ውስጥ የነደደው ኩበት ከነጭራሹ ላይታይ ይችላል። ከተማ ወርዶ የተሸጠው ገቢ ሆኖ ይመዘገባል። በእርሱ ፋንታ የተገዛው ማዳበሪያ ወጪ ተብሎ ከሰብሉ ዋጋ ላይ ይቀነሳል፤ የነጋዴውና የአጓጓዡ ገቢ ግን ይደመራል። ከአፈሩ ላይ የሄደው ለምነት የትም አይቀነስም። ቤተሰቡ በየዓመቱ ከመሬቱ ጥሪት እየቆረሰ ሲያነድ፣ መዝገቡ ጥሪቱ እንዳለ ነው ብሎ ይቀጥላል።

ከእበቱ እሳቱንም ማዳበሪያውንም ማግኘት የሚቻልበት መንገድ ባዮጋዝ ነው። በሀገር አቀፍ ደረጃ እ.ኤ.አ በ2009 በአራት ክልሎች፣ በአማራ ክልልም ጭምር፣ ፕሮግራም ተቀርጾ ሥራው ተጀምሯል። እበቱ ከእኩል ውኃ ጋር ተደባልቆ ከመሬት በታች ወደ ተሠራ ጉድጓድ ይገባል፤ አየር በሌለበት ሲብላላ የሚነድ ጋዝ ይሰጣል፤ የሚወጣው ዝቃጭ ናይትሮጂኑን እንደያዘ ወደ ማሳ ይሄዳል። ችግሩ ቢያንስ አራት ያህል ከብት መፈለጉ፣ በቅርብ ውኃ መፈለጉ፣ የተበላሸ ሲኖር ጠጋኝ መፈለጉ ነው። ሌላም አለ፤ የባዮጋዝ እሳት ለወጥና ለቡና ይበቃል፤ ሰፊ ምጣድን እኩል ለማጋል ግን ይቸገራል። ስለዚህ ባዮጋዝ ባለበት ቤትም ጉልቻው ብዙ ጊዜ ከቦታው አይነሣም። ስንት ጉድጓድ ተቆፈረ የሚለው የሪፖርት አኃዝ ይህን ሊነግረን አይችልም።

የከሰሉ ነገርም እንዲሁ ነው። (በነገራችን ላይ ከሰል የሚሞላበትን ከረጢት ሁላችንም ማዳበሪያ ነው የምንለው፤ ቋንቋችን ሳያስበው አፈሩንና እሳቱን አንድ ላይ አስሯቸዋል።) ገበያ ላይ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ማዳበሪያ ከሰሎችን እናስብ። አንደኛው ከቆላ የመጣ፣ ለማደግ ዐሥርት ዓመታት ከፈጀበት ግራር የከሰለ ነው፤ በቦታው የተተካ ዛፍ የለም። ሁለተኛው ከአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ከፋግታ ለኮማ ወረዳ የመጣ የዲከረንስ ከሰል ነው። በዚያ አካባቢ አርሶ አደሮች የዲከረንስ ችግኝን በማሳቸው ተክለው፣ በመጀመሪያው ዓመት በመካከሉ ጤፍ ይዘራሉ፤ ቀጥሎ ሣሩን ያጭዳሉ፤ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ቆርጠው ያከስሉና መልሰው ይተክላሉ። ዛፉ ናይትሮጂን ወደ አፈር የሚያስገባ ዝርያ በመሆኑ፣ በአሲድ ተጎድቶ ምርት መስጠት ያቆመ መሬት እንዲያገግም አግዟል። ለብዙ ወጣቶችም የሥራ በር ከፍቷል። ሁለቱ ማዳበሪያዎች በአንድ ዋጋ ቢሸጡ በጥቅል ምርት ላይ የሚጨምሩት እኩል ነው። አንዱ ጥሪት መብላት፣ ሌላው መከር መሰብሰብ መሆኑን ገንዘቡ አይናገርም።

የዲከረንስ ታሪክ ግን ሌላም ነገር ያስተምራል። በቅርብ ዓመታት የተከሰተ የዝገት በሽታ ዛፉን በሰፊው አጥቅቶታል፤ ኑሯቸውን በአንድ ዝርያ ላይ የጣሉ ቤተሰቦችም ገቢያቸው ተናግቷል። ከሰሉ በብዛት ይጫን በነበረበት ጊዜ አኃዙ ያማረ ነበር። ወረዳው በሙሉ በአንድ ዛፍ ላይ መንጠልጠሉ ግን ከአኃዙ በስተጀርባ ተሸፍኖ ቆየ። ዘላቂነትን የሚለካ ሰው ዘንድሮ ስንት ማዳበሪያ ወጣ ብቻ ሳይሆን፣ ይህ ቢቀር በምን ይተካል ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል።

ወደ ኤሌክትሪኩ እንመለስ። ግንባታው መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም የተጀመረው የዓባይ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም ተመርቋል፤ የማመንጨት አቅሙም 5 ሺህ 150 ሜጋ ዋት ነው። ይህ የሀገር ኩራት የሆነ አኃዝ ነው። ሜጋ ዋት የሚነግረን ግን በምንጩ ላይ ያለውን ነው። ከምንጩ እስከ ምጣዱ ያለውን መንገድ ለመለካት ሌላ መሣሪያ ያስፈልጋል፤ የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ በ2015 ያስተዋወቀው ባለ ብዙ ደረጃ መለኪያ ለዚህ የተሠራ ነው። ቀድሞ የነበረው አቆጣጠር ቀላል ነበር፦ መብራት አለ ወይስ የለም? አዲሱ ግን ከዜሮ እስከ አምስት ደረጃ ይሰጣል። በደረጃ አንድ ያለ ቤተሰብ በቀን ቢያንስ 4 ሰዓት አምፖል ማብራትና ስልክ መሙላት ይችላል። ደረጃ ሦስት ላይ ለመድረስ ቢያንስ 200 ዋት አቅምና በቀን 8 ሰዓት፣ ደረጃ አምስት ላይ ደግሞ 2 ሺህ ዋትና 23 ሰዓት ያስፈልጋል። መቆራረጡ፣ የኃይሉ መዋዠቅ፣ የአቅም ገደብ፣ የአደጋ ስጋትም አብረው ይታያሉ።

በዚህ መለኪያ በኢትዮጵያ የተካሄደውና እ.ኤ.አ በ2018 የታተመው ጥናት፣ ከአባወራዎች 57 በመቶ ያህሉ የሆነ ዓይነት ኤሌክትሪክ እንዳላቸው አሳይቶ ነበር። አንድ ሦስተኛ ያህሉ ከዋናው መስመር፣ ወደ አንድ አራተኛ የሚጠጋው በአብዛኛው ከፀሐይ ነው። በቀድሞው አቆጣጠር ሁሉም መብራት ያላቸው ተብለው በአንድ ረድፍ ይሰለፋሉ። በደረጃ ሲታዩ ግን ይለያያሉ፤ ጣሪያ ላይ ያለችው ትንሿ የፀሐይ ሰሌዳ ልጆች ማታ እንዲያጠኑ ኩራዝን ተክታለች፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ምጣድ ግን አታግልም። ቆጣሪ ገብቶለት በሳምንት ውስጥ ስንት ጊዜ የሚጠፋበት ቤትም፣ ሊጥ ቦክቶ ሳለ መብራት ቢሄድ ብሎ ጉልቻውን አያፈርስም። እንጀራ ለነገ አይባልም።

በዚህ ረገድ ለገጠሩ ቅርብ ሆኖ የማገኘው እ.ኤ.አ ከ2010 ጀምሮ የሚወጣውን ባለ ብዙ ገጽታ የድህነት መለኪያ ነው። የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ያዘጋጁት ሲሆን፣ ገቢን ጨርሶ አይጠይቅም። በቤት ውስጥ ገብቶ ዐሥር ነገሮችን ያያል፤ ከእነርሱ አንዱ የማብሰያ ኃይል፣ ሌላው ኤሌክትሪክ ነው። በእንጨት፣ በከሰል ወይም በኩበት የሚያበስል ቤት በዚያ ረድፍ እንደተነፈገ ይቆጠራል። ቅሬታ ካለኝ የክብደቱ ነገር ነው። የማብሰያ ኃይል ከጠቅላላው የያዘው አንድ ዐሥራ ስምንተኛ ብቻ ነው፤ ነገር ግን የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2020 ብቻ 3 ነጥብ 2 ሚሊዮን ሰዎች ከቤት ውስጥ ጭስ ጋር በተያያዘ ሕይወታቸውን አጥተዋል። ከዚህም ሌላ በምርት ምድጃ የሚጋግረውንም በሦስት ጉልቻ የሚጋግረውንም እኩል ያያቸዋል፤ ሁለቱም እንጨት ነዋና። ስለ ቡታን የደስታ መለኪያም ብዙ ይባላል፤ ሀገሪቱ እንደ እኛው ከውኃ ኃይል አመንጭታ ለጎረቤቷ ሕንድ የምትሸጥ መሆኗ የሚስብ ነገር ነው፤ ለጉልቻው ጥያቄ ግን ብዙ አይረዳም።

ጥሪትን በተመለከተ የዓለም ባንክ የተስተካከለ የተጣራ ቁጠባ የሚባል ስሌት አለው። ከሀገሪቱ ቁጠባ ላይ የማዕድኑን፣ የነዳጁንና የደኑን መመናመን፣ የአየር ብክለትንም ጉዳት ቀንሶ፣ ለትምህርት የወጣውን ይደምራል። ውጤቱ ከዜሮ በታች ከሆነ ሀገሪቱ ከወረሰችው ያነሰ ለልጆቿ እያስተላለፈች ነው ማለት ነው። የግራሩና የዲከረንሱ ከሰል ልዩነት እዚህ ላይ መታየት ይጀምራል። የአፈር ለምነት ግን በዚህም ስሌት ውስጥ አልገባም፤ በየሀገሩ ተመሳሳይ መረጃ የለምና። የተባበሩት መንግሥታት የስታቲስቲክስ ኮሚሽን በመጋቢት 2025 እ.ኤ.አ ያጸደቀው አዲሱ የብሔራዊ ሂሳብ ሥርዓት የተፈጥሮ ሀብት መመናመን እንደ ማምረቻ ወጪ እንዲታይና ከተጣራው የሀገር ውስጥ ምርት ላይ እንዲቀነስ ያዝዛል። ትልቅ እርምጃ ነው፤ ግን በየሀገሩ ሥራ ላይ እስኪውል ዓመታት ይወስዳል። ያኔም ቢሆን በማሳ ላይ ያልተለካውን ነገር በዋና ከተማ ቁጭ ብሎ ማስላት አይቻልም።

በቀበሌ ደረጃ ግን ብዙ ገንዘብ ሳያስፈልግ አሁኑኑ ሊለካ የሚችል ነገር አለ። በየቀበሌው የግብርና ባለሙያ አለ፤ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ አለች። ማገዶን መመዝን የሚጠይቀው አንድ ተንጠልጣይ ሚዛን ብቻ ነው። በጥቂት ቤቶች የተከመረው እንጨትና ኩበት ሰኞ ዕለት ይመዘናል፤ በሳምንቱ የተረፈው ይመዘናል፤ ልዩነቱ ለተመጋቢው ብዛት ይካፈላል። አዲስ ምድጃ ከመግባቱ በፊትና ከገባ በኋላ ይህን ማድረግ፣ ምድጃው ማገዶ መቆጠቡን ከማንኛውም ጽሑፍ በላይ ያሳያል። ከዚያው ጋር ማገዶ ለመልቀም በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሄደ፣ ከእበቱ ስንት እጁ ወደ ማሳ እንደተመለሰ፣ መብራት በምጋገሪያ ሰዓት ስንት ጊዜ እንደጠፋ መጠየቅ ይቻላል። አራት ጥያቄዎች ናቸው፤ በአንድ ገጽ ይሰፍራሉ።

አሁን በተለመደው የሪፖርት ቅጽ ላይ የሚሞላው የተሠራጨ ምድጃ ብዛት፣ የተቆፈረ የባዮጋዝ ጉድጓድ ብዛት፣ መስመር የተዘረጋላቸው ቀበሌዎች ብዛት ነው። ምድጃው በተሰጠ በዓመቱ ሚዛን ይዞ ተመልሶ የሚሄድ ሰው ከሌለ፣ መዝገቡ ላይ የሚቀረው የርክክቡ ቀንና የተቀባይዋ ፊርማ ነው።